የአገር አየሽ ተረኛ

ሰው ኖረ የሚባለው ምን ሲሆን ነው? ያረሰው ታይቶ፣ የወለደው ተቆጥሮ፣ የሠራው ተለክቶ ከሆነ የጫኔ ዕድሜ ቢሰፈር ቁናም አይሞላ። ማሳውን ሌላ ሰው አረሰለት፤ ልጁን ሌላ ሰው ዳረለት፤ ያደረባት ጎጆም የሱ አልነበረችም። እሱ ያደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተራው ደረሰና ተራራ ላይ ወጣ፣ ከዚያ በኋላ ተተኪው አልመጣም። ይህ ዕድሜ ነው ከተባለ እንግዲህ ዕድሜ ምንድን ነው? አይደለም ከተባለስ ያን ሁሉ ክረምት በዚያ ብርድ ውስጥ ሲተነፍስ የነበረው ማን ነው? ጥያቄው የጫኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ትቶ ማለፍ ይቻል ነበር። ችግሩ፣ እያንዳንዳችን ተተኪ የምንጠብቅበት አንዳንድ ተራራ አለን።

ተራራው አገር አየሽ ይባላል። ከመሐል ሜዳ ተነሥቶ የጓሳን ሣር ሜዳ እያቋረጠ ወደ ምሥራቅ ለሚሄድ መንገደኛ ተራራ መሆኑ አይታወቀውም። መሬቱ ቀስ እያለ፣ እያታለለ ነው የሚነሣው፤ ዳገት መውጣቱን የሚነግረው ትንፋሹ ነው። ሣሩ እስከ ጉልበት፣ በደግ ዘመን እስከ ወገብ ይደርሳል። ከዐናቱ ጥቂት ዝቅ ብሎ ጅባራው ተራራውን እንደ መቀነት ዞሮታል፤ ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ብቻ ብቻውን የቆመ ተክል ነውና በጭጋግ ቀን አገሩን የማያውቅ እንግዳ «እንደምን ዋላችሁ» ብሎት ያልፋል። ከጅባራው አልፎ ዐናቱ ላይ ሲደረስ ምድሩ ያልቃል። ምዕራቡ ያን ያህል የዋህ የሆነው ተራራ ምሥራቁ ገደል ነው። ከገደሉ ሥር አስታና ጥድ የለበሰ ጥቁር ደን፣ ከደኑ ሥር እርከን እርከን የወረደ የወይና ደጋ እርሻ፣ ከዚያ በታች ቆላው፣ ከቆላው ወዲያ ደግሞ በሙቀት የሚንቀጠቀጠው የአፋር ሜዳ። ዐናቱ ላይ ውርጭ ጆሮ ሲቆርጥ እዚያ ታች ያለው ሰው ጥላ ይፈልጋል። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከገደሉ ውስጥ እንደ ወተት ይገነፍልና ዐናቱን ይሸፍነዋል፤ ረፋድ ላይ ይገለጣል። ሲገለጥ በምዕራብ በኩል የየደብሩ ዛፍ፣ የየቤቱ ጭስ፣ የዘመሮና የቀየት ገበያ መንገድ፣ ሁሉም ይታያል። በጓሳው ውስጥ ጎንበስ ያለ ሰው ከአገር አየሽ ሳይታይ ቀና አይልም።

ጠባቂው እዚያ የሚቀመጠው ስለዚህ ነው።

የጓሳ ሣር እንደ ሌላው ሣር አይደለም። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለክረምት ገሳ ይሆናል፤ በድርቅ ዘመንም ከብቱም በጉም የሚተርፈው በሱ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በየቀኑ ቢታጨድ እንደማይበረክት አባቶች ያውቃሉና ለዓመታት ይዘጉታል፤ ሲደርስ ሽማግሌዎች ተማክረው ይከፍቱታል። በተዘጋበት ዘመን የቀየት ሰዎች አገር አየሽ ላይ ሁለት ጠባቂ ያቆማሉ፤ አንዱ ወር አንዱ፣ አንዱ ወር ሌላው እየተፈራረቀ። በ1965 ዓ.ም. ጓሳው ሲዘጋ ዕጣው የወጣው ለጫኔና ለጎረቤቱ ለአፈወርቅ ነበር።

ሕጉ ቀላል ነው። የጓሳው አለቃ ግራዝማች ባሉበት፣ የደብሩ ቄስ መምሬ ወልደ ጻድቅ መስቀል ይዘው ሁለቱን ገዘቷቸው፤ ላይ ያለው ሰው ተረኛው መጥቶ «ተቀበልኩ» ሳይለው ከጅባራው በታች እንዳይወርድ። ቢወርድ በራሱ ብቻ አይደለም፤ በትዳሩ፣ በልጁ፣ በከብቱ ይድረስበት፤ ውግዝ ከመ አርዮስ። ጓሳ ያለ ዓይን አይደር ነው ነገሩ። ሲለዋወጡ የሚሰጣጡት ዱላ የለም፣ ጦር የለም። የወጣው ሰው ያቺን ቃል ይላል፤ ከጎጆዋ በር ካለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ ወራጁ ጋቢውን አጣፍቶ ይሄዳል። በቃ።

ታዲያ ሁለቱ ሲገናኙ ከዚያች ቃል በፊት ቀልድ አይጠፋም ነበር።

«ዘገየህ» ይለዋል ጫኔ አፈወርቅን፤ «ምነው፣ ሚስትህ እግርህን በጠፍር አሰረችው?»

«ያንተዋ ናት ያዘገየችኝ። ‹ያንን ሰውዬ አታምጣብኝ፣ ቤቱ ሰፍቶልኛል› እያለች ስትለምነኝ።»

«የኔ ጥሩሸዋ እንዲህ አትልም።»

«አትልም? እንግዲያስ ውረድና ከራሷ ስማ። ተቀበልኩ።»

መጋቢት 1967 የጫኔ ተራ ነበር። ጾም ገብቷል። አንድ ረፋድ ጭጋጉ ሲገለጥ በቀየት ሜዳ ላይ ሰው እንደ ጉንዳን ተሰብስቦ አየ፤ ነፋሱም እልልታ አመጣለት። በጾም የምን እልልታ ነው? ንግሥ አይደለ፣ ሠርግ አይደለ። ቀኑን ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ ዋለ። መልሱ በማግሥቱ ማጭድ ይዞ መጣ። ወንዱም ሴቱም፣ አህያውም በቅሎውም፣ ከጓሳው ጫፍ እስከ ጫፍ ገባበት። ጫኔ ከድንጋዩ ተነሥቶ ጮኸ።

«ተዘግቷል! እናንተ ሰዎች፣ ተዘግቷል!»

«አልሰማህም እንዴ አያ ጫኔ!» አለው አንዱ ከሣሩ መሀል ቀና ብሎ፤ «መሬት የሕዝብ ሆኗል! ጓሳም የኛ ነው!»

«ድሮስ የማን ነበር?»

ሰውየው ጥቂት አሰበና ሣቀ፤ መልሶም ጎንበስ አለ።

ከሚያጭዱት መሀል አፈወርቅ ነበረበት። እያጨደ እያጨደ ወደ ዐናቱ እስኪቀርብ ጫኔ ጠበቀው።

«አፈወርቅ፣ ወሩ አልቋል እኮ። ተራህ ነው።»

«የምን ተራ? ተራ ቀረ ወንድሜ። አለቃም ቀረ፣ ጠባቂም ቀረ።»

«ከቀረ እሰየው። ተቀበልኩ በለኝና አብረን እንውረድ።»

አፈወርቅ ማጭዱን ከቀኝ ወደ ግራ እጁ አዛወረ። ድንጋዩን አየ፤ ጎጆዋን አየ። ግዝቱ ሁለቱ ላይ በአንድ ቀን፣ በአንድ መስቀል የተጣለ ነው። ያቺን ቃል ቢል ጫኔ ይፈታል፤ የሚታሰረው እሱ ይሆናል፤ እሱን ደግሞ ሊፈታው የሚወጣ ማን አለ?

«ዝም ብለህ ውረድ፣ አንተ ሰው! ማን ያዘህ?»

«አንተ ብትሆን ትወርዳለህ?»

አፈወርቅ ሸክሙን አህያው ላይ አጠበቀና ወረደ።

የመሬት አዋጁ ጥቂት ሳምንት ቢዘገይ ኖሮ ድንጋዩ ላይ የሚቀረው አፈወርቅ ነበር። አዋጅ ሹመት ይሽራል፣ ርስት ይሽራል፣ ማዕረግ ይሽራል። የጫኔ መሐላ መሻሩን ግን በሬዲዮ የተናገረ አልነበረም፤ መናገር እንደሚያስፈልግ ያሰበም የለም። በዚያ ሁሉ ግርግር አንድ ሰው ተራራ ላይ መረሳቱ የማንም ክፋት አልነበረም። የከፋውም ይኸው ነው፤ ክፋት ቢሆን ኖሮ የሚለመን ክፉ ይገኝ ነበር።

ግራዝማች በዚያው ክረምት ወደ ደብረ ብርሃን ተወስደው በዚያው ቀሩ። የቀሩት የገዘቱት ቄስ ናቸው። የጫኔ ሚስት ጥሩሸዋ ለምናቸው መምሬ ወልደ ጻድቅ በበቅሎ ወጡ። የሚያርፉበት ሌላ ቦታ አልነበረም፤ ቢሆንም ድንጋዩ ላይ እንዳይቀመጡ ተጠንቅቀው ቆመው ተነጋገሩ።

«አባቴ፣ ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ ልጄ።» መስቀሉን አሳለሙት።

ጫኔ ተሳለመና ካለበት አልተንቀሳቀሰም።

«ምነው? ፈታሁህ እኮ።»

«ከኃጢአቱ ነው አባቴ። ከአደራውስ?»

መምሬ ፊታቸውን ወደ ቆላው አዞሩ። «አደራን የሚፈታ ተቀባይ ነው» አሉ። «ቃሉ ‹ተቀበልኩ እስኪልህ› ይላል። ያልኩት እኔው ነኝ፤ ሌላ ቃል ማለት እችል ነበር። ያኔ ይህኛው ያማረ መሰለኝ።»

«እንግዲያስ እርስዎ ተቀበልኩ ይበሉኝ።»

«እኔ? ቅዳሴውስ? ታቦቱን ለማን ጥዬ?»

እውነታቸውን ነበር። እውነት መሆኑ ግን አንዳቸውንም አላጽናናም። በቅሎዋ ላይ ሲወጡ ጫኔ እርካቡን ያዘላቸው።

ጥሩሸዋ ስንቅ ይዛ ትወጣለት ነበር፤ በሶ፣ ቆሎ፣ የገብስ ዳቦ። ማሳቸውን ጎረቤት በደቦ ያርስላታል። አንድ ቀን በካፊያ መጣች፤ ሸክሟን አወረደችና ሳትነግረው ሄዳ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

«ተቀበልኩ» አለች።

«ተነሺ፣ ጥሩ።»

«ተቀበልኩ አልኩህ። አንተ ውረድ፣ እኔ እቆያለሁ። ዓይን እንደሆነ አለኝ።»

«አንቺን አስሬ እኔ ልፈታ?»

«እኔ ያልታሰርኩ መስሎህ ነው?»

ጫኔ እጇን ይዞ አስነሣት፤ እሷም አልታገለችውም። ከዚያ ወዲያ ያቺን ቃል በአፏ አላነሣቻትም። ስንቁን ታስቀምጣለች፤ ስለ በጎቹ፣ ስለ ዝናቡ፣ ማን እንደሞተና ማን እንደወለደች ታወራዋለች፤ ከዚያ ትወርዳለች። እሱም እስከ ጅባራው ይሸኛታል፤ ከጅባራው ወዲህ ቆሞ ነጠላዋ ከሣሩ እስኪቀላቀልበት ያያታል። የጠባቂ ዓይን ነውና ቶሎ አይጠፋበትም። ሌላ ባል ሚስቱ ስትሄድ የሚያያት እስከ መንገዱ መታጠፊያ ነው፤ ጫኔ ግን አንዲት ትንሽ ነጭ ነጥብ ሜዳውን ጨርሳ፣ ወንዙን ተሻግራ፣ ደጃፏ ስትደርስ ያያል። ከዚያ ጭሱ ይነሣል። ቤት ውስጥ የቀረው ሰው ምን እንደሚሠራ እያወቁ እዚያ አለመኖር፣ ሩቅ አገር ከመሰደድ ይብሳል።

ጠዋት ጠዋት ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ከገደሉ እየወጡ ይመጣሉ። ሣሩን እየነጩ፣ እርስ በርስ እየተከባከቡ፣ እየተጣሉ፣ ልጅ እያዘሉ አጠገቡ ይውላሉ፤ ለምደውታልና አይሸሹትም። ሲመሽ ግን ሁሉም ተያይዘው ወደ ገደሉ ይወርዳሉ። ጫኔ ቀን ቀን አይቸገርም፤ የሚከብደው እነሱ ሲወርዱ ነበር። ባልንጀራ ሲያጣ ለተራራው ጎድን ጎድኑ ስም አወጣ፤ ነፋስ የሚመጣበትን «እንግዳ መግቢያ»፣ ፀሐይ ቀድሞ የሚያገኘውን «ቁርስ ቤት»፣ ጎጆዋ የማትታይበትን አንድ ጎድጓዳ ደግሞ «ፈቃድ» አለው። ወደ «ፈቃድ» ገብቶ ጥቂት ቁጭ ይላል፤ ከዚያ ወጥቶ ድንጋዩ ላይ ይመለሳል። ሁሉን የሚያይ ሰው ማንም አያየውም። ይህን ጫኔ ለማወቅ መጽሐፍ አላስፈለገውም፤ ቢያውቀውም አልጠቀመው።

ልጃቸው አማከለች የተዳረችው በጥር ነው። በጥር አገር አየሽ ላይ አየሩ ጥርት ይላል። ጫኔ ከጠዋት ጀምሮ ድንጋዩ ላይ ነበር። ዳሱን አየ፤ የሙሽራው ሰዎች ሲመጡ አቧራቸውን አየ፤ ሙሽራ የምትቀመጥባትን በቅሎ አየ። ሙሽራ ከቤት ከመውጣቷ በፊት የአባቷን ጉልበት ስማ ትመረቃለች። ያ ሰዓት የትኛው እንደሆነ ከዚያ ርቀት አይለይም። ስለዚህ ጫኔ «ውለጂ ክበጂ፣ ቤትሽ ይሙላ፣ ዓይን አይይሽ» እያለ ቀኑን ሙሉ ሲመርቅ ዋለ። በኋላ ጥሩሸዋ ስትነግረው በአባት ቦታ ተቀምጦ ጉልበቱን ያሳመው አፈወርቅ ነበር። የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ሆኖ ስለነበር ሌላ የሚገባው ሰው አልተገኘም። ያንን ተራ ግን ተቀበለ።

ዓመታቱ በዚህ መልክ ሄዱ። ሣሩ እያጠረ መጣ፤ በጉ ዓመቱን ሙሉ ይግጠዋል፤ ማጭዱም አላረፈ። ድንጋይ ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ። ጫኔ ግን ይጠብቃል። ምን እንደሚጠብቅ የጠየቁት አንድ ጊዜ የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ናቸው። ጠመንጃ ይዘው ወጡና ጎጆዋን በረበሩ፤ የሚወረስ ነገር አጡባት።

«እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ተራዬ ነው።»

«የምን ተራ? ቀጥሎ የማን ነው?»

«የአፈወርቅ።»

ወርደው ለሊቀመንበሩ ነገሩት። ሊቀመንበሩ ፊቱ ጠቆረ፤ ከዚያ «ተዉት፣ አእምሮው ታውኳል» አላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጫኔ እብድ ሆነ፤ በስብሰባ የጸደቀ እብድ። በዚህም እሱ አልተናደደ፤ ቢያንስ ስለሱ ሰው ተነጋግሯል።

በ1974 መንግሥት አገር አየሽን የመንግሥት ደን ብሎ ከለለው። ደኑ እንኳ ያለው ከገደሉ ሥር ነው፤ መስመሩ ግን ዐናቱን ይዞ አለፈ። ሊለካ የመጣው የደን ባለሙያ በዕውቀቱ ይባላል፤ ከአዲስ አበባ ተልኮ የመጣ፣ ከንፈሩን ብርድ የሰነጠቀው፣ ጨዋ ሰው። ጫኔ ከእንግዳ ጋር ከተነጋገረ ሰንብቷልና አንደበቱ ተፈታ።

«ይህችን ጎጆ ታያታለህ? የክዳኗ የወዲህ ጎን ውኃ ዓባይ ይገባል፤ የወዲያ ጎኑ አዋሽ። አንድ ዝናብ ዘንቦ አንዱ ጠብታ ምስር፣ አንዱ ጠብታ አፋር። በዚህ ላይ ነው የምተኛው።»

ነገሩ በዕውቀቱን ደስ አሰኘው። መሣሪያውን ተክሎ ወዲህም ወዲያም ተመለከተ፤ ከዚያ በጎጆዋ የምዕራብ ግድግዳ ሥር ከኮዳው ውኃ አፈሰሰ። ውኃው ጥቂት ወደ ምዕራብ ሄደ፤ ከድንጋይ ተጋጨና ዞረ፤ ጎጆዋን ከኋላዋ ተሻግሮ ወደ ገደሉ ወረደ።

«ሁለቱም ጎን አዋሽ ነው ጋሼ» አለ በዕውቀቱ፤ ከልቡ አዝኖ። «ውኃው የሚለይበት እዚያ ጉብታ ላይ ነው።»

ጫኔ ጉብታውን አየው። ሩቅ አልነበረም፤ ድምፅ ሳያነሡ ሰው የሚጠሩበት ያህል ነው። «ለካ ዓባይ የኔ ኖሮ አያውቅም» ብሎ ሣቀ። ሣቁ ረዘመበት፤ ረዝሞ ሌላ ነገር ሊሆን ሲል ቆረጠው።

በዚያን ሰዓት ነው ታሪኩን የነገረው። በዕውቀቱ ኮዳውን እንደያዘ ሰምቶ ጨረሰ።

«ችግሩ ይህ ነው? ቃሏ ብቻ?»

«ቃሏ ብቻ።»

በዕውቀቱ ሄዶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። «ተቀበልኩ» አለ። «ይሂዱ ጋሼ። ወደ ባለቤትዎ ይሂዱ።»

ጫኔ መጀመሪያ አላመነም። ቀጥሎ ጋቢውን አጣፋ፤ ፈታና እንደገና አጣፋው። ቁልቁለቱን ተያያዘው፤ አሮጌ እግሮቹ መንገዱን ከሱ በተሻለ አስታወሱት። ጅባራው ጋ ሲደርስ አንድ ነገር ትዝ አለውና ዞሮ ተጣራ።

«ታድራለህ?»

«ኧረ አልችልም ጋሼ፣ ዛሬ መሐል ሜዳ መግባት አለብኝ!»

ጫኔ ጅባራውን በእጁ ደገፍ ብሎ ጥቂት ቆመ። ከዚያ ተመልሶ ወጣ። በዕውቀቱ እንደ ጥፋተኛ ዓይኑን ሰብሮ ከድንጋዩ ተነሣለት።

«ማደር እንዳለብኝ አላወቅኩም» አለ።

«ምንም አይደል። ጓሳ ያለ ዓይን አያድርም፤ እሱን አልነገርኩህም ነበር።» ተቀመጠ። ድንጋዩ ከሌላ ሰው ሙቀት ለብ ብሎ ነበር፤ እስኪበርድ ድረስ ጫኔ አልተነሣበትም።

በ1977 ክረምት ጥሩሸዋ አልወጣችም። ስንቁን ያመጣችው ጎረቤቷ «ደረቷን ይዟታል። ስምህን ትጠራለች» አለችው። ከዚያ ወዲያ የጫኔ ሥራ የቤቱን ጭስ መጠበቅ ሆነ። ጭጋጉ ሲገለጥ ጭሱ ካለ ይተነፍሳል፤ ከሌለ ቆሞ ይቀራል። ጭሱ እየቀጠነ ሄደ። አንዳንድ ጠዋት እስከ ቀትር አይነሣም። ልቡ በየሰዓቱ ይወርዳል፤ እግሩን ግን ግዝቱ ይዞታል፤ «በትዳሩ ይድረስበት» ነው የተባለው። እሷ ታማ ሳለ እሱ ከጅባራው ቢያልፍ ሕመሙን ሞት የሚያደርገው የገዛ እግሩ ይመስለዋል። ስለሚወዳት ሊያያት አልቻለም። የተማረ ሰው በዚህ ሊስቅ ይችላል፤ ሣቁ ግን ጫኔን አይፈታውም።

በሐምሌ መጨረሻ የቀየት ሕዝብ ለችግኝ ተከላ ተጠራ። ለሚተክል የእርዳታ ሥንዴ ይሰፈራል ስለተባለ የቀረ ሰው አልነበረም፤ ዓመቱም የረኃብ ዓመት ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ከአንድ ሁለት ሰው በቀር ያልወጣበት ዐናት በአንድ ጠዋት ሰው ሞላው። ጫኔ ከማለዳ ተነሥቶ ፊቱን በጤዛ ታጠበ። ሰዎቹ ሲያዩት አንዳንዱ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለው፤ አንዳንዱ ፊቱን አዞረ። መምሬ ወልደ ጻድቅም ምርኩዛቸውን ይዘው መጥተው ነበር፤ አርጅተዋል። አፈወርቅ ካኪ ለብሶ፣ ኮፍያውን አስተካክሎ ስለ ደን ጥቅም፣ ስለ ድርቅ፣ ስለ መጪው ትውልድ ተናገረ። ክፉ ንግግር አልነበረም። ሲጨርስም እንደ ስብሰባ ወጉ «ጥያቄ ያለው?» አለ።

ጫኔ ከጎጆዋ በር ሆኖ እጁን አወጣ።

«አያ ጫኔ ‹ተዘግቷል› ሊል ነው!» አለ አንዱ፤ ሰው ሣቀ።

«ጓድ ሊቀመንበር» አለ ጫኔ። ቃሉን አፉ አልለመደውምና ተሰበረበት። «ጓሳው ይዘጋ አልልም። ሥንዴም አልጠይቅም። ጥሩሸዋ ታማብኛለች፤ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።»

«ታዲያ ውረድና አስታማት» አለ አፈወርቅ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ድሮው ጎረቤት። «ማን ከለከለህ፣ ጫኔ? በእግዜር፣ ማን ከለከለህ?»

«አዎ ውረድ! ውረድ!» አሉ ከኋላ።

«የከለከለኝን አንተም ታውቀዋለህ፣ አብረን ነው የተገዘትነው። እኔ ብቻዬን ብሆን በራሴ ላይ ይድረስ ብዬ ወርጄ ነበር። በሷ ላይ እንዳይደርስ ነው።» ሕዝቡን ዞሮ አየ፤ ያን ያህል ሰው በቅርብ ካየ ዘመን ሆኖታልና የትኛውን ፊት ማየት እንዳለበት ግራ ገባው። «ለዘለዓለም አልልም። ደርሼ እስክመጣ ነው። ውኃ አጠጥቻት፣ እጇን ይዤ ዋል አደር ብዬ እመለሳለሁ፤ ካልተመለስኩ ምድር ትዋጠኝ። አፈወርቅ ባይሆን ማንም ይሁን። አንድ ሰው እዚህ ድንጋይ ላይ ይቀመጥልኝ፤ አንድ ሰው ተቀበልኩ ይበለኝ።»

ያ ሁሉ ሰው በእጁ የያዘውን ችግኝ አየ። ያቺን ቃል ያለ አንድም ሰው አልነበረም።